የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወደ ውጭ ለመላክ የትኛው ሰርተፍኬት ነው የግድ የሚያስፈልገው?

ላኪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንጠቆ፣ የእርሳስ ማጥለቂያ፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ማማለያ፣ የናይለን መረብና የሚያንሳፍፍ ጃኬት ወደ አውሮፓ ኅብረትና ወደ አሜሪካ ልንልክ ነው። አማካሪያችን «አይኤስኦ 9001፣ ሲኢ እና ሮኸስ በአንድ ጥቅል ይውጣላችሁ፣ ለሁሉም ይበቃል» ይለናል። እውነት ለሁሉም ይበቃል? የቱ ለየትኛው ዕቃ ነው?

ቤተ ሙከራ፦
አይበቃም፤ ከፊሉም አያስፈልጋችሁም። አይኤስኦ 9001 የፋብሪካውን አሠራር እንጂ ዕቃውን አይመሰክርም። ትልልቅ ገዢዎች ይጠይቁታል፣ የዕቃውን ምርመራ ግን አይተካም። ሲኢ «ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ያሟላል» የሚል፣ ሕጉ በስም በሚያዝባቸው ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚደረግ ምልክት ነው፤ ተራ መንጠቆና መረብ ላይ ማተም ራሱ ጥፋት ነው። ሮኸስ ደግሞ በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ አደገኛ ንጥረ ነገርን የሚገድብ ደንብ ነው፤ ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ወይም የሚበራ ተንሳፋፊ ካልላካችሁ ተዉት።

ከዝርዝራችሁ ከባዱ ጃኬቱ ነው። በአውሮፓ ደንብ 2016/425 ከመስጠም የሚከላከል ዕቃ 3ኛ ምድብ ውስጥ ይገባል። ዕውቅና ያለው መርማሪ ድርጅት መጀመሪያ ሞዴሉን ይፈትሻል፣ ከዚያም ምርቱን ይከታተላል፤ ስለዚህ ከሲኢው ጎን የድርጅቱ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይታተማል። ደረጃው አይኤስኦ 12402 ነው፦ ክፍል 5 ለ50 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል፣ ክፍል 4 ለ100፣ ክፍል 3 ለ150፣ ክፍል 2 ለ275። እባካችሁ የ50ውን «ሕይወት አድን ጃኬት» ብላችሁ አትሽጡ። እሱ ዋና ለሚችልና እርዳታ ቅርቡ ላለ ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጠውም። ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ማጽደቂያ ለብቻው ይወጣል፣ ሲኢው አይተካውም።

መረብ ሠሪ፦
እኔ ማማለያውና እርሳሱ ላይ ልጨምር፤ ዕቃ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ማማለያው የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ ፍታሌት በሚባል ዘይት መሰል ኬሚካል ነው። ሪች በሚባለው የአውሮፓ የኬሚካል ደንብ ዲኢኤችፒ፣ ዲቢፒ፣ ቢቢፒ እና ዲአይቢፒ የተባሉት ፍታሌቶች ድምራቸው ከለሰለሰው ፕላስቲክ ክብደት 0.1 በመቶ መድረስ የለበትም። ከቤት ውጭ ብቻ ለሚያገለግል ዕቃ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ሆኖም በቀን 30 ደቂቃ ቆዳ የሚነካ ነገር ከዚያ ይወጣል። እኔ በዚህ ባልመካ እመርጣለሁ።

ላብራቶሪው ዋጋ ለመቀነስ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጩን አንድ ላይ ፈጭቶ ከመረመረ አትቀበሉ። ቀዩ ብቻ 0.24 በመቶ ቢኖረው ለሦስት ተካፍሎ 0.08 ይሆንና ወረቀቱ «አልፏል» ይላል። እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ይመርመር።

እርሳስ ከ2018 ጀምሮ በሪች የአሳሳቢ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለ፣ ማጥለቂያው እርሳስ እንዳለው ለገዢው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ዴንማርክ ግን ጭራሽ አታስገባውም። ብሪታንያን ካሰባችሁ ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም ያለው ማጥለቂያ ከ1987 ጀምሮ መሸጥ ክልክል ነው። ብረት ወይም ተንግስተን ብታደርጉት ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ለአሜሪካ የልጆች ማጥመጃ ዕቃ ስብስብ (እስከ 12 ዓመት) ካዘጋጃችሁ የእርሳስ ጣሪያው ከሚሊዮን ክፍል 100፣ በቀለም ቅቡ ላይ 90 ነው፤ አንድ የእርሳስ ፍሬ ከገባበት ስብስቡ በሙሉ ይወድቃል።

ለመረቡ አስገዳጅ ሰርተፍኬት የለም፤ ገዢው የሚያየው ጥንካሬውን ነው። አይኤስኦ 1805 ክሩንና ቋጠሮውን፣ 1806 የመረቡን ዓይን የመበጠሻ ኃይል ይለካሉ። ናይለን ሲርስ ስለሚደክም ቁጥሩ የደረቅ ይሁን የእርጥብ ውሉ ላይ ይጻፍ። መንጠቆውን በአይኤስኦ 9227 የጨው ጭጋግ (5 በመቶ ጨው፣ 35 ዲግሪ) ስታስፈትሹም ስንት ሰዓትና ምን ያህል ዝገት እንደሆነ ራሳችሁ ተስማሙ፤ ደረጃው ማለፊያ ሰዓት አያስቀምጥም።

ላኪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አማካሪው ለጃኬቱ «የሲኢ ሰርተፍኬት» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳይቶናል። እውነተኛነቱን በምን እንለየው?

ቤተ ሙከራ፦
ባለ 4 አሃዙን ቁጥር ናንዶ በተባለው የአውሮፓ ኮሚሽን ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ድርጅቱ በ2016/425 ሥር ለጃኬት የተፈቀደለት መሆን አለበት። ቁጥር ከሌለው ለጃኬት ዋጋ የለውም። በላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ደግሞ የናሙናው ፎቶና የሞዴል ቁጥር ከምትልኩት ጋር አንድ መሆኑን፣ የምርመራው ዘዴም በላብራቶሪው የአይኤስኦ 17025 (የላብራቶሪ ብቃት ደረጃ) ዕውቅና ወሰን ውስጥ መኖሩን እዩ። ዕቃው ደንቡን ያሟላል የሚለውን «ተስማሚነት ማስታወቂያ» ፈርሞ የሚያወጣው አምራቹ ራሱ ነው፤ ኃላፊነቱም የእናንተ ነው።

ከ13 ዲሴምበር 2024 ወዲህ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥ ዕቃ፣ መንጠቆም ቢሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድ ተቋም ስምና አድራሻ ዕቃው ወይም ማሸጊያው ላይ ሊኖረው ይገባል። የቴክኒክ ፋይሉ 10 ዓመት ይቀመጣል።

መረብ ሠሪ፦
የእንጨት ፓሌቱንም አትርሱ። እንብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የታከመ፣ የአይኤስፒኤም 15 (እንጨት ተባይ እንዳያዛምት የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ) ማኅተም ያለበት ካልሆነ፣ ወረቀታችሁ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ኮንቴይነሩ በፓሌት ብቻ ይታገዳል።