ሁሉም «በጣም ጎበዝ ነኝ» ብለው ጻፉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም መምህራን። ጅማ ውስጥ 7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ እርዱኝ።

ዴንሲቲን (የአንድ ነገር ግራም ለሚይዘው ቦታ፣ ማለትም ለሚሊ ሊትሩ ሲካፈል የሚገኘውን) ስንጨርስ ልጆቹ ራሳቸውን ከ1 እስከ 4 እንዲመዝኑና አንድ ግብ እንዲጽፉ ወረቀት አደልኩ። አብዛኞቹ 4ን ከበቡ። ግባቸው ደግሞ «ጎበዝ መሆን»፣ «100 ማግኘት»። በቃ!

በማግስቱ 54 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ውሃ ውስጥ አስገባን። ውሃው ከ50 ወደ 70 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። 4 የከበበ አንድ ልጅ 54ን ለ70 አካፍሎ 0.77 አለኝ። ድንጋዩ እኮ ዓይኑ እያየ ሰጥሟል! ከውሃው ዴንሲቲ፣ ማለትም ከ1 ቢያንስ ኖሮ ይንሳፈፍ ነበር። ለጨመረው 20 ብቻ አካፍላ 2.7 ያገኘችው ዝምተኛ ልጅ ግን ለራሷ የሰጠችው 2 ነው። ይበልጥ ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

ማርክ እንደሌለው ነግሬያቸዋለሁ። ግን ወረቀቱን የምሰበስበው እኔ ስለሆንኩ ማን ያምነኛል?

«የጨመረውን ውሃ ብቻ ለይቼ እወስዳለሁ» ዓይነት ጠበብ ያለ ግብ እንዲጽፉ እንዴት ላስለምዳቸው? ራሳቸውን የሚመዝኑትስ ከሙከራው በፊት ይሁን በኋላ? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፤ ሰኞ አዲስ ምዕራፍ እጀምራለሁ።