ያሪስ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ክራንክ ሴንሰር ቀይሬም ያው ነው

የሳሪሱ
ሰላም ቤተሰብ፣ እስኪ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ። መኪናዬ 2007 ያሪስ ሴዳን ነው፣ ሞተሩ 1.5። ጠዋት አንዴ ቁልፍ ሳዞር ይነሳል፣ ምንም አይልም፣ ግን መንገድ ተዘጋግቶ 40 ደቂቃ ምናምን ስንቀረፈፍ ድንገት ጭጭ። መንተፋተፍ የለ መንቀጥቀጥ የለ፣ በቃ ሬዲዮ እንደማጥፋት ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል ግን ሞተሩ አይነሳም፣ ኮፈን ከፍቼ 20 ደቂቃ ስጠብቅ ደሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ ይላል። የመጀመሪያው መካኒክ ኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን ደቅኖ ፓምፑ አይሰማም ብሎ የቤንዚን ፓምፕ አስቀየረኝ፣ በሁለተኛው ቀን ያው። ሌላ ጋራዥ ኮምፒውተር ሲያስገቡበት ፒ0335 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፣ ክራንክ ሴንሰር ነው ተባልኩ፣ ከሱማሌ ተራ ገዝቼ ተቀየረ። ትላንት ልጆቼን ይዤ ቦሌ መንገድ ላይ ቆመብኝ፣ ሰው ሁሉ ክላክስ ሲነፋብኝ። አሁን ደሞ ምን ልቀይር??

ቢጫው_ቪትዝ
ኮፒ ሸጠውልህ ነው ብሮ። እኔም አንዴ በሳምንቱ የሞተ ሴንሰር ገዝቻለሁ፣ ካርቶኑ ግን ከኦርጂናሉ ያምር ነበር 😂 ከተፈታ መኪና ላይ ያገለገለ ኦርጂናል ፈልግ

ሽቦ_አይዋሽም
አንተ ልጅ ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትገዛ። ኮዱ ሴንሰሩ ሞቷል አላለህም፣ የክራንክ ሲግናል አልደረሰኝም ነው ያለው፣ መሃል ላይ ሶኬትም ሽቦም አለ። የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ መዞሩን የሚያውቀው በዚህ ሴንሰር ነው፣ ፑሌጃው (ችንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ጋ ያለችው ባለ 34 ጥርስ ሳህን ስትዞር ሴንሰሩ ይቆጥርለታል። ቆጠራው ከተቋረጠ ካንዴላ እሳት አያገኝም፣ ኢንጀክተር አይከፍትም፣ የፓምፑም ሪሌይ (ኮረንቲ የሚሰጠው ማብሪያ) ይለቃል። የመጀመሪያው መካኒክ ፓምፑ አይሰማም ሲልህ አልዋሸህም፣ ለምን እንደማይሰማ ነው ያልጠየቀው።

አሁን የምታደርገው፦ መኪናው በጠፋበት ሰዓት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሞተሪኖ እያዞርክ በስካነር አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር) እይ። ከ150 እስከ 250 አካባቢ ካሳየህ ክራንኩን ተወው፣ ሌላ ነገር ፈልግ። ዜሮ ካለ ሲግናሉ የለም። ከዛ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ ሁለቱን እግር በቴስተር ለካ። ያንተ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነው ያለው፣ በቀዝቃዛው 2 ሺ ኦም አካባቢ ሰጥቶህ ሲሞቅ መስመሩ ከተቆረጠ ሴንሰሩ ነው። ሲሞቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆየ ግን ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ ሽቦውን ተከተል። ባለ ሶስት ሽቦ ሴንሰር ያለው መኪና ላይ ግን ይሄን የኦም ነገር እንዳትሞክሩ፣ እሱ ሌላ ነው

የሳሪሱ
እሺ ጋሼ። የኔ ያሪስ ግን አርፒኤም ሜትር የለውም፣ በስልክ የሚሰራው ትንሿ ስካነር ትሆናለች?

ሽቦ_አይዋሽም
ትበቃለች

ዱባይ_ያለሁ
እዚህ በበጋ ይሄ ችግር ብዙ ያጋጥማል። ሲጠፋብኝ ሴንሰሩ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አረግበትና ወዲያው ይነሳል፣ እንደዛ ነው የለየሁት። ሞተሩ ላይ እንዳታፈሱ ግን፣ ሴንሰሩ ላይ ብቻ

የሳሪሱ
ተመልሻለሁ፣ ረጅም ነው ይቅርታ። ቅዳሜ ሆን ብዬ ደጄ ላይ አስነስቼ ኤሲ ከፍቼ አቆየሁት፣ 50 ደቂቃ ላይ ጠፋ። ሞተሪኖ ሳዞር ስልኩ ላይ አርፒኤም 0። ፓምፕ ላይ ያወጣሁት ብር ትዝ ሲለኝ ሆዴ ተቃጠለ። ጎረቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የቀኝ ጎማ ፈቶ ከስር ገባና ሴንሰሩን ለካው፣ ከነሙቀቱ 2300 ምናምን፣ ምንም አልሆነም። ከዛ ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ ኮምፒውተሩ ጋ ያለውን ጫፍ ነቅሎ ከዛ በኩል ሲለካ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ሽቦውን በጣቱ እያሸ ሲሄድ ቁጥሩ ብልጭ አለና ጠፋ። ከሶኬቱ አራት ጣት ያህል ርቆ ነው፣ ከላይ ዘይት ሲንጠባጠብበት ኖሮ ፕላስቲኩ እንደ ማካሮኒ ደርቋል፣ ሲያጥፈው ቀጭ አለ፣ ውስጡ መዳቡ ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው የሚነካካው። ሲሞቅ ይለያያል ሲቀዘቅዝ ይገናኛል ማለት ነው

ቢጫው_ቪትዝ
ኦ ኮፒ ነው ያልኩትን ወስጃለሁ። አሮጌውን ሴንሰርስ ለካችሁት?

የሳሪሱ
ለካነው። እሱም 2100፣ ጤነኛ ነበር 🤦

ሽቦ_አይዋሽም
ጥሩ፣ መለዋወጫ አለህ ማለት ነው። ሽቦውን እንዴት አረጋችሁት? ጠምዝዛችሁ በፕላስተር ከሆነ ወር አይቆይም፣ የደረቀውን ቆርጠህ አውጣና አዲስ ሽቦ በስታኞ አስበይድ፣ ከችንጋው አርቀህ እሰረው። ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብም እይ፣ የቫልቭ ከቨሩ ጋስኬት ሳይሆን አይቀርም

የሳሪሱ
በፕላስተር ነበር 😅 ነገ አስበይደዋለሁ ጋሼ