በ1910 በቦምብ የጋየው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሕንፃ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማዶ፣ በፈርስት እና በስፕሪንግ ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ የቆመውን የታይምስ ጋዜጣ የቀድሞ ሕንፃ ለልጆቼ ሳሳይ፣ በ1910 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በቦምብ የጋየው እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ታላቋ ልጄ ግን ግድግዳውን ስታይ ቆይታ «ታዲያ የእሳቱ ምልክት የት አለ?» አለችኝ። ተሳስቼ ከሆነ ብታርሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦
ልጅዎ ትክክል ናት። የጋየው ሕንፃ የነበረው አንድ መንገድ ወደ ምዕራብ፣ በፈርስት እና በብሮድዌይ ማዕዘን ላይ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዳለፈ፣ ሠራተኞቹ የማለዳውን ጋዜጣ ለማድረስ ሲጣደፉ፣ በሕንፃው ጎን የቀለም በርሜሎች በሚቀመጡበት መተላለፊያ የተጠመደው ዲናማይት ፈነዳ፤ ከ20 ያላነሱ ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹን የፈጀው ተከትሎ የተነሣው እሳት ነው። የጋዜጣው ባለቤት ሃሪሰን ግሬይ ኦቲስ የሠራተኛ ማኅበራት ብርቱ ተቃዋሚ ነበሩ፤ በፍንዳታው የተከሰሱት፣ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የተያያዙት የማክናማራ ወንድማማቾችም በ1911 ጥፋታቸውን አመኑ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሕንፃው ገና እየነደደ ሳለ ጋዜጣው በሌላ ስፍራ በነበረው መጠባበቂያ ማተሚያ ታትሞ በዚያው ጠዋት መውጣቱ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። እርስዎ ያሳዩአቸው ሕንፃ በ1935 የተከፈተ ሲሆን፣ የነደፈው ጎርደን ካውፍማን ነው። በመግቢያው አዳራሽ መካከል የምትሽከረከር ትልቅ ሉል ተተክላለች፤ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ደግሞ ሁጎ ባሊን የሣላቸው የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። በ1948 እና በ1973 ሌሎች ክፍሎች ተቀጥለውበታል፤ የከተማው ምክር ቤት በ2018 የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቅርስነት ሲመዘግብ የ1973ቱን ግን ትቶታል። ሕንፃው ቀደም ብሎ ለካናዳው ኦኒ ኩባንያ ተሸጦ ስለነበር፣ ጋዜጣው በዚያው በ2018 ከመሃል ከተማው ራቅ ወዳለችው ወደ ኤል ሰጉንዶ ከተማ ተዛወረ። ጋዜጠኛው መንገድ ተሻግሮ የሚገባበት ማዘጋጃ ቤት ዛሬ የመኪና ጉዞ የሚጠይቅ መሆኑ ለከተማው እውነተኛ ጉዳት ይመስለኛል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፊታችን እሑድ ልጆቹን ይዤ ወደ ብሮድዌይ ማዕዘን እሄዳለሁ፤ ለታላቋም እርሷ ትክክል እንደነበረች እነግራታለሁ።