የእርጎ እርሾ ሲደክም ባክቴሪያው ዘረመሉን ጥሎ ይሆን?

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ላሞች አሉኝ፤ እርጎ አርግቼ ለሰፈሩ ሱቆች አቀርባለሁ። ከሦስት ወር በፊት እጅግ ጥሩ ሆኖ ከረጋ እርጎ አንድ ጭልፋ አስቀርቼ፣ ከዚያ ወዲህ የትናንቱን ለዛሬው ወተት እርሾ እያደረግሁ ቀጥያለሁ። በመጀመሪያ ማንኪያ ሲገባበት ተቆርጦ የሚቆም እርጎ በአንድ ሌሊት ይደርስልኝ ነበር፤ አሁን ግን ቅሉን እንደ ወትሮው በወይራ አጥኜ እንኳ እስከ ማግስቱ ማታ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። የእንስሳት ሳይንስ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ባክቴሪያዎቹ ዘረመል ጥለው ይሆናል» አለኝ። ሕይወት ያለው ነገር የራሱን ዘረመል ሊጥል ይችላል?

መላሽ፣ የማይክሮባዮሎጂ መምህር፦
አዎ፣ ይችላል። ወተት ከሚያረጉት ዋነኞች አንዱ የሆነው ላክቶኮከስ ላክቲስ የወተቱን ስኳር የሚጠቀምበትንና ኬዚን የተባለውን ፕሮቲን የሚቆራርጥበትን ዘረመል ብዙ ጊዜ የሚይዘው በዋናው ክሮሞዞም ላይ ሳይሆን ፕላስሚድ በሚባሉ ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ነው። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል አንዳንዴ አንደኛው ፕላስሚዱ ሳይደርሰው ይቀራል። የስኳሩን ጉዳይ ላሪ መኬይ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጥንቶታል።

በእርስዎ እርጎ ላይ ግን እኔ የምጠረጥረው የፕሮቲኑን ነው። ኬዚን የሚቆርጠው ኢንዛይም ከሕዋሱ ግድግዳ ውጭ ተተክሎ ስለሚሠራ ከቆረጠው ፍርፋሪ ብዙው ወደ ወተቱ ይበተናል፤ ፕላስሚዱን የጣለው ጎረቤትም ኢንዛይሙን ለመሥራት ጉልበት ሳያወጣ ያንኑ ፍርፋሪ ይመገባል። እርሾው ከቀን ወደ ቀን ሲተላለፍ እነዚህ ተቀላቢዎች እየበዙ፣ ቆራጮቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ወተቱም ለመኮምጠጥ ይዘገያል።

መላሽ፣ በወተት ማቀነባበሪያ የሠራሁ፦
ከመደምደማችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የደከመው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንድ ሌሊት? ድንገት ከሆነ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ፋጅ የተባለ ቫይረስ ገብቶ፣ ወይም ለጡት በሽታ የተወጋች ላም ወተት ውስጥ አንቲባዮቲክ ቀርቶ ይሆናል። ፋጅን ቀላል አድርገው አይዩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳኒስኮ የተባለው የምግብ ግብዓት ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ከፋጅ ጥቃት የተረፈው ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ የተባለ እርጎ የሚያረጋ ባክቴሪያ የቫይረሱን ዲኤንኤ ቁራጭ ክሪስፐር በተባለው የዘረመሉ ክፍል አስገብቶ መከላከያ እንደሚያደርገው ያሳዩት ይኸው ችግር የወተት ኢንዱስትሪውን ስላስቸገረ ነው። ለማንኛውም የሌላ ሰው እርሾ በዚያው ወተት ላይ ይሞክሩ።

ጠያቂ፦
በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የደከመው፤ ላሞቹም መርፌ አልተወጉም። ትናንት ማታ ከጎረቤቴ ቅል እርሾ ወስጄ በዚያው ወተት ብጨምር፣ ጠዋት ረግቶ አገኘሁት።

መላሽ፣ የማይክሮባዮሎጂ መምህር፦
እንግዲያውስ ወተቱ ነጻ ነው፤ የደከመው እርሾው ነው። የጎረቤትዎ ቅል ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል አንዱ ሲደክም ሌላው ይሠራል። ያንን እርጎ ዛሬውኑ በንጹሕ ትናንሽ ብልቃጦች ከፋፍለው በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ያስቀምጡ፤ በየሳምንቱም አንዷን አውጥተው እንደ አዲስ ይጀምሩ።