ፋይል ሲለወጥ ቴስት የሚያስኬደው ስክሪፕቴ አንድም ዝም ይላል፣ አንድም ይደጋግማል

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በሊኑክስ ላይ የፓይተን ኮድ ስጽፍ ፋይሉን ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው እንዲሄዱልኝ ስለፈለግሁ አይኖቲፋይዌይት የተባለውን የተርሚናል ፕሮግራም እየተጠቀምኩ ነው። መጀመሪያ አንዱን የኮድ ፋይል ብቻ እንዲከታተል አዝዤው ነበር፤ የመጀመሪያውን ለውጥ ሴቭ ሳደርግ ቴስቱ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ግን ፕሮግራሙ ሳይቆምና የስሕተት መልእክት ሳያወጣ ዝም አለ። ስለዚህ ፎልደሩን በሙሉ እንዲከታተል አድርጌ፣ የሚያወጣቸውን መስመሮች በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያስተላልፍ መንገድ) ተቀብሎ ለእያንዳንዱ መስመር ቴስቱን የሚያስኬድ አጭር የሼል ሉፕ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገላበጠና ቪም በተባለው ኤዲተር አንድ ጊዜ ሴቭ ሳደርግ ቴስቱ ደጋግሞ ይሄዳል። ከመስመሮቹ መካከል 4913 የሚል፣ እኔ ያልፈጠርኩት የፋይል ስምም አያለሁ፤ ፎልደሩን ስመለከት ግን እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርስዎ አንድ ጊዜ ሴቭ ያደረጉት ነገር ለከርነሉ (ለሊኑክስ ዋና አካል) አንድ ክስተት ሳይሆን የበርካታ ክስተቶች ሰልፍ ነው። ፕሮግራሙ የሚመካበት አይኖቲፋይ በ2005 ከከርነል 2.6.13 ጋር የመጣ የፋይል ለውጥ አሳዋቂ አገልግሎት ሲሆን፣ አንድን ፋይል ተከታተል ሲሉት የሚከታተለው ስሙን ሳይሆን ከስሙ በስተጀርባ ያለውን አይኖድ፣ ማለትም ሲስተሙ ፋይሉን የሚያውቅበትን የውስጥ መዝገብ ነው። ቪም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቭ ሲያደርግ በነባሩ ፋይል ላይ አይጽፍም። በመጀመሪያ በፎልደሩ ውስጥ ፋይል መፍጠር ይችል እንደሆነ ለማረጋገጥ 4913 የሚባል ፋይል ፈጥሮ ወዲያውኑ ያጠፋዋል፤ ቀጥሎ ነባሩን ፋይል ስሙን ቀይሮ መጠባበቂያ ያደርገዋል፤ በቀድሞው ስም አዲስ ፋይል ይጽፋል፤ በመጨረሻም መጠባበቂያውን ይሰርዛል። እንግዲህ የእርስዎ ተከታታይ የተጣበቀው ከተሰረዘው አይኖድ ጋር ነበርና ዝም ማለቱ አያስገርምም።

ፎልደሩን መከታተልዎ ትክክል ነው፤ የጎደለው ማጣሪያ ነው። ከክስተቶቹ ሁሉ ሁለቱን ብቻ ይምረጡ፦ ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል ሲዘጋ የሚመጣውንና ፋይል በስም ቅየራ ወደ ፎልደሩ ሲገባ የሚመጣውን። ሁለተኛው የሚያስፈልገው አንዳንድ ኤዲተሮች በጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፈው በነባሩ ላይ ስለሚተኩት ነው። ከዚያም በፋይሉ ስም መጨረሻ ያጣሩ። የመጠባበቂያው ስም መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት (~) ስላለው፣ 4913 ደግሞ ምንም ቅጥያ ስለሌለው ሁለቱም በራሳቸው ይወድቃሉ።

ይህም ሆኖ ቴስቱ በሚሄድበት ጊዜ የሚመጡ መስመሮች በፓይፑ ውስጥ ተራ ይዘው ስለሚጠብቁ፣ በባሽ ሼል መስመር የሚያነበውን ሪድ የሚለውን ትእዛዝ የ0.2 ሴኮንድ ገደብ ሰጥተው የተጠራቀሙትን መስመሮች አንብበው ይጣሉና ቴስቱን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ያስኪዱ።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ልፋት ይመስለኛል። ኤንተር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚከታተላቸውን ፋይሎች ዝርዝር ከፓይፕ ይቀበላል፣ የኤዲተሮችን የስም ቅየራ ይረዳል፣ ተቀራርበው የመጡ ለውጦችንም አሰባስቦ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ያስኬዳል። ዝርዝሩ የሚነበበው ሲጀምር ብቻ ስለሆነ በኋላ የተፈጠረ ፋይል አይታየውም፤ ለዚህም የዲ አማራጭ አለው፣ አዲስ ፋይል ሲጨመር ራሱን ይዘጋል። በማያቋርጥ ሉፕ ውስጥ ካስገቡት ዝርዝሩ እንደገና ተነቦ ይቀጥላል። የሚያስኬዱት ቴስት ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ የአር አማራጭ አሮጌውን አቁሞ አዲሱን ያስነሳል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሠራሩን መረዳት ስለፈለግሁ ለጊዜው በራሴ ስክሪፕት ቀጥያለሁ። ማጣሪያውን ከጨመርኩ በኋላ ድግግሞሹ በአብዛኛው ጠፋ፤ በአንደኛው ፕሮጀክት ግን ምንም ሳልነካ ቴስቱ ያለማቋረጥ ይሄዳል። በዚያ ፕሮጀክት ከቴስቱ በፊት ከአንድ የዝርዝር ፋይል የፓይተን ኮድ የሚያመነጭ ደረጃ አለ።

መልስ 1

ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል። የሚመነጨው ኮድ በምንከታተለው ፎልደር ውስጥ፣ ያውም በምንፈልገው ቅጥያ ስለሚጻፍ፣ ትእዛዙ ራሱን በራሱ እየጠራ ነው። የሚመነጨውን ኮድ ከክትትሉ ውጭ ወዳለ ፎልደር ማውጣት የተሻለው መንገድ ነው። ቦታውን መለወጥ ካልቻሉ፣ አመንጪው አዲሱን ይዘት ከነባሩ ጋር አወዳድሮ ልዩነት ከሌለ ፋይሉን ሳይነካው እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ሉፑ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይቆማል። ዋችኤግዜክ የተባለው መሣሪያ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) እንዲተዋቸው የታዘዙ ፋይሎችን እሱም ስለሚተዋቸው፣ የሚመነጨው ኮድ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ይህ ችግር ከመነሻው አይከሰትም።

መልስ 3

አንድ ነገር ልጨምር። አይኖቲፋይ ንዑስ ፎልደሮችን በራሱ አይከተልም፤ ለእያንዳንዱ ፎልደር የተለየ ክትትል መመዝገብ አለበት፤ አንድ ተጠቃሚ የሚያስመዘግበው ብዛትም ጣሪያ አለው። ከከርነል 5.11 በፊት የተለመደው ጣሪያ 8192 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በማሽኑ ሜሞሪ መጠን ይሰላል። በርካታ የላይብረሪ ፎልደሮች ያሉት ፕሮጀክት የቀድሞውን ጣሪያ በቀላሉ ያልፈዋል። አሳሳቹ ነገር ከርነሉ በዚህ ጊዜ የሚመልሰው ስሕተት በዲስኩ ላይ ቦታ አልቋል የሚለው መሆኑ ነው፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ይህንኑ እንዳለ ስለሚያሳዩ ሰው ፋይል ሲሰርዝ ይውላል። ፋይሎቹ በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ ካሉና የሚለወጡት ከሌላ ማሽን ከሆነ ደግሞ ክስተቱ ወደ እርስዎ ከርነል ስለማይደርስ፣ በየተወሰነ ጊዜ የፋይሎቹን የለውጥ ሰዓት እየፈተሸ የሚሠራ አማራጭ ያለው መሣሪያ መጠቀም ግድ ይሆናል።