ክርክር፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተም አምራቾች የደህንነት ለውጥን በአንድ ሰነድ፣ ሳይቆርጡ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው?

አወያይ፦ አፕዴት በወጣ ቁጥር የትኛው ቀዳዳ (የደህንነት ክፍተት) እንደተደፈነ፣ የትኛው አሠራር እንደተቀየረ ለማወቅ ብዙ ቦታ ማሰስ የተለመደ ሆኗል። ጥፋቱ የአምራቹ ነው ወይስ ሰነዱ እያለ አፈላለጉን ያላወቅነው እኛ ነን? አቋማችሁን ከነማስረጃው አስቀምጡ። ዓመት ስትጠቅሱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ግዴታ አለባቸው። ማይክሮሶፍትን እንውሰድ። እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ ቁጥር ያለው ቡለቲን (የደህንነት ማስታወቂያ) ያወጣ ነበር፤ ከነዚያ አንዱን፣ ኤምኤስ17-010ን የማያስታውስ የዊንዶውስ አስተዳዳሪ ያለ አይመስለኝም። የሚመለከታቸው ምርቶች፣ ጊዜያዊ መከላከያውና የተስተካከለው ነገር አንድ ገጽ ላይ ይገኙ ነበር። ያ ቀርቶ በዳታቤዝ ተተካ። በኖቬምበር 2020 ደግሞ የተረፈችው የጽሑፍ ማብራሪያ ወጥታ ቦታዋን የሲቪኤስኤስ (የቀዳዳን ክብደት በነጥብ የሚለካ ስርዓት) ሰንጠረዥ ያዘው። «በኔትዎርክ በኩል፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ተጠቃሚ ተሳትፎ» የሚለው የአደጋውን ክብደት ይናገራል። ፖርት ልዝጋ ወይስ ሰርቪስ ላቁም ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ኮድ አንባቢ፦ ስለ ዊንዶውስ ያልከውን እቀበላለሁ፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበልም። ብዙ ጊዜ ሰነዱ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልገዋል። በጁላይ 1 ቀን 2024 ይፋ የሆነውን የኦፕንኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር ውስጥ መግቢያ ፕሮግራም) ቀዳዳ፣ ሲቪኢ-2024-6387ን እንይ፤ ሲቪኢ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። ቀዳዳው ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉትን ይነካል፣ በ9.8 ተደፍኗል። ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ስርጭት) ላይ ያለው 9.2 ነው። ቀዳዳ ፈላጊው ስካነር 9.2ን ያይና በቀይ ያወጣዋል። አስተዳዳሪው ደንግጦ 9.8ን ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) ራሱ ኮምፓይል ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ የጫነው ኤስኤስኤች የዴቢያንን አፕዴት አያገኝም፣ ማለትም የሚቀጥለውን ቀዳዳ ራሱ መከታተል አለበት። የዴቢያን ሴኩሪቲ ቡድን ግን ጥገናውን ብቻ ነጥሎ ወደ 9.2 አስገብቶታል። ምልክቱ የቁጥሩ ጭራ ላይ ነው፦ 1፡9.2ፒ1-2+ዴብ12ዩ3። «ዩ3» ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደፍኗል። የለውጥ መዝገቡን (ቼንጅሎግ) ለማየት «አፕት ቼንጅሎግ ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» ብለህ ብትጽፍ የሲቪኢው ቁጥር ከነምክንያቱ ይወጣልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአፕዴት በኋላ ሰርቪሱ ሪስታርት ካልተደረገ ሜሞሪ ላይ የሚሮጠው አሮጌው ነው። ቼንጅሎግ የሚነግርህ ዲስክ ላይ ስላለው ብቻ ነው።

ኦዲተሯ፦ ሬድ ሃት በሚባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ላይም «አርፒኤም -ኪው --ቼንጅሎግ» ብሎ ሲቪኢ የሚለውን በግሬፕ (የጽሑፍ መፈለጊያ ትዕዛዝ) መፈለግ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የደህንነት አፕዴቶችን በሚዘረዝረው «ዲኤንኤፍ አፕዴትኢንፎ ሊስት ሴኩሪቲ» ላይ ነው። ሌላ ነገር ካልጨመሩበት የሚዘረዝረው ገና ያልተጫነውን ብቻ ነው፤ የተጫነውን ለማየት «ኢንስቶልድ» ማለት ያስፈልጋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሪፖው (ፓኬጁ የሚወርድበት ማከማቻ) የትኛው አፕዴት የደህንነት እንደሆነ የሚናገረውን ሜታዳታ ካልያዘ ትዕዛዙ ባዶ ይመልሳል። ባዶውን ስክሪን ሰው «ምንም ክፍተት የለብንም» ብሎ ሪፖርት ላይ ያሰፍረዋል። እንግዲህ ኮድ አንባቢ፣ «ሰነዱ አለ» የምትለው ለሚያውቀው ብቻ ነው። «መረጃ የለኝም» እና «ችግር የለም» አንድ ዓይነት ሆነው ከታዩ የሰነድ ጉድለት ነው፤ የአንባቢ ጥፋት አይደለም።

ኮድ አንባቢ፦ በዚህኛው ልክ ነሽ።

ሰርቨር ጠባቂ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቀዳዳው ይልቅ የአሠራር ለውጡ ነው። የተደፈነ ቀዳዳ ሥራ አያቆምም፤ የተቀየረ ዲፎልት (ካልነኩት የሚሠራው ቅንብር) ግን ያቆማል። የዲኮም (የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በኔትዎርክ የሚነጋገሩበት ዘዴ) ማጠናከሪያውን አስታውሱ፣ ኬቢ5004442። በጁን 2021 ገባ፣ ግን ጠፍቶ። በጁን 2022 በዲፎልት በራ፣ በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር ማከማቻ) ማጥፋት ግን ይቻል ነበር። በማርች 14 ቀን 2023 ማጥፊያው ተነሳ። በመካከል ያለውን ችግር በሬጂስትሪ ያለፈ ሰው ሦስተኛው ደረጃ ላይ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ ግንኙነቱ ይቋረጥበታል። የዚያን ወር አፕዴት ማስታወሻ ቢያነብ ምክንያቱን በቀላሉ አያገኘውም፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነውና። ፍንጩ ሰርቨሩ ላይ ባለው የሲስተም ሎግ ውስጥ ያለው ኢቨንት 10036 ነው፤ የትኛው ተጠቃሚ ከየትኛው አይፒ በዝቅተኛ የማረጋገጫ ደረጃ እንደመጣ ይጽፋል። ይህን ቁጥር ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ገና በ2022 የሚሰበረውን ማሽን ለይቶ ይጨርስ ነበር።

ኮድ አንባቢ፦ ግን ልብ በል፣ ያ ሰነድ አንድ ገጽ ነው። ቀኖቹም፣ ሬጂስትሪውም፣ የኢቨንት ቁጥሮቹም እዚያው አሉ። ያልነበረው ወደ ገጹ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ታዲያ የምከራከረው ምን ሆነና! መንገድ የሌለው ሰነድ ለኔ እንደሌለ ነው።

ከርነል ተከታታይ፦ «ሁሉም ይጻፍ» የምትሉት ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ቡድን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሲቪኢ ቁጥር ራሱ ይሰጣል። አቋሙ ግልጽ ነው፦ ከርነል ውስጥ ያለ ማንኛውም ስህተት የደህንነት ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ለጥገናዎቹ በብዛት ቁጥር ይሰጣል። ከግልጽነት አንጻር እንከን የለውም፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የሚዘልቅ ግን የለም። የሚያዋጣው ማጣራት ነው። እያንዳንዱ ማሳወቂያ ስህተቱ በየትኛው ኮሚት (የኮድ ለውጥ) እንደገባ፣ በየትኛው እንደተጠገነ፣ የትኛውን የሶርስ ፋይል እንደሚነካ ይገልጻል። የፋይሉን ስም ይዞ የትኛው የኮንፊግ አማራጭ እንደሚገነባው ማየት፣ ከዚያ ቡት ፎልደር ውስጥ ባለው የከርነል ኮንፊግ ውስጥ መፈለግ። አማራጩ ከጠፋ አይመለከትህም። «ኤም» ካለ ሞጁል ነው፤ የተጫኑ ሞጁሎችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስሞድ» ላይ ባይታይም እቃ ሲሰካ ወይም ፕሮግራም ሲጠራው ሊጫን ስለሚችል አትዝለለው።

ኔትዎርክ ሰው፦ ሌላኛውን ወገን የሚናገር ስለጠፋ እኔ ልናገር። በአፕዴቱ ቀን ሙሉ ዝርዝር ማውጣት ገና ላልጫነው ሰው አደጋ ነው። አፕል ብዙ ጊዜ «የሜሞሪ አያያዝ ተሻሽሏል» በምትል አጭር መስመር ያልፋል፤ አንዳንዱንም ዘግይቶ «ተጨምሯል» ብሎ ከነቀኑ ያስገባል። እኔ ይህን አልቃወምም። ስለዚህ ያንን ገጽ በወጣበት ቀን አንድ ጊዜ አንብቦ መተው አይበቃም፤ ከሳምንታት በኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ኦዲተሯ፦ አጥቂው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽሮ ቀዳዳውን ያገኘዋል። በጨለማ የሚቀረው ተከላካዩ ነው።

ኔትዎርክ ሰው፦ ማነጻጸር ሙያና ጊዜ ይጠይቃል፤ ያቺ ጊዜ ለተከላካዩ ጥቂት ቀን ትገዛለታለች። በቀዳዳው ላይ አቋሜ ይህ ነው። የአሠራር ለውጥን መደበቅ ግን ምንም ምክንያት የለውም፤ እዚያ ላይ ከሰርቨር ጠባቂ ጋር ነኝ። በደንብ የተሠራውን ማየት የሚፈልግ የኦፕንኤስኤስኤችን 8.2 ያንብብ። በፌብሩዋሪ 2020 «በሻ-1 (ያረጀ የፊርማ ስሌት) የሚፈርመው ኤስኤስኤች-አርኤስኤ በዲፎልት ሊጠፋ ነው» ብሎ አስጠነቀቀ፣ መሞከሪያ ትዕዛዙንም ሰጠ። ያጠፋው በ8.8 ነው፣ በሴፕቴምበር 2021። ከዓመት ተኩል በላይ!

ኮድ አንባቢ፦ እዚያም ወጥመድ አለ። ከዴቢያን 11 ወደ 12 የተሻገረ ሰው ከ8.4 ወደ 9.2 ነው የዘለለው። አሮጌ ስዊች ላይ ሲገባ «ተስማሚ የሆስት ቁልፍ ዓይነት የለም፣ የቀረበው ኤስኤስኤች-አርኤስኤ ነው» ይለዋል። የ9.2ን ማስታወሻ ይከፍታል፣ ምንም የለም፤ ለውጡ 8.8 ላይ ነዋ። የተዘለለውን ሁሉ ማንበብ ግድ ነው። «አፕት-ሊስትቼንጅስ» ከተጫነ በአፕግሬዱ ሰዓት በመካከል ያሉትን ዋና ዋና ማሳሰቢያዎች ሰብስቦ ያሳያል።

ኦዲተሯ፦ ሰዎች መፍትሄውን፣ ማለትም ኤስኤስኤች-አርኤስኤን መልሶ መፍቀዱንስ፣ ለምን ለሁሉም ሆስት (ማሽን) ይከፍቱታል?

ኮድ አንባቢ፦ ስለቸኮሉ ነው። ትክክለኛው በደንበኛው ኮንፊግ ውስጥ ለዚያ ስዊች ብቻ የተለየ የሆስት ክፍል ከፍቶ፣ «ሆስትኪይአልጎሪዝምስ» ላይ በመደመር ምልክት «ኤስኤስኤች-አርኤስኤ»ን መጨመር ነው። የመደመር ምልክቱ ከተረሳ ሌሎቹ ዘመናዊ አልጎሪዝሞች በሙሉ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። አርኤስኤ ቁልፍ ራሱ አልተሻረም፤ የተሻረው በሻ-1 መፈረሙ ነው፣ ስለዚህ ቁልፍ በጅምላ መቀየር አያስፈልግም።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ኡቡንቱ 24.04ም ላይ ያው ችኮላ አለ። ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ዩዘር ኔምስፔስ (ፕሮግራምን ለብቻው የሚያገል የከርነል አሠራር) እንዳይጠቀም በአፕአርሞር (የፕሮግራሞችን ፈቃድ የሚወስን ጥበቃ) ተገድቧል፣ ሪሊዝ ኖቱ ላይም ተጽፏል። ሳንድቦክስ ያለው አፕ አልነሳ ሲል ሰው ገደቡን ለመላው ሲስተም በሲስሲቲኤል (የከርነል ቅንብር መቀየሪያ ትዕዛዝ) ያጠፋዋል። ለዚያ አፕ ብቻ «ዩዘርኤንኤስ» የሚፈቅድ ፕሮፋይል መጻፍ ጥቂት መስመር ነው፤ ጥበቃውም ለቀረው ሁሉ እንዳለ ይቆያል።