አፍንጫዬ ውስጥ የምረጨው የማይግሬን መድኃኒት ጉሮሮዬ ውስጥ እየገባ ተቸገርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ማይግሬን ያለባችሁ ወይም የሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

እኔን ሲጀምረኝ ወዲያው ያስመልሰኛል። ኪኒን ብውጥም ሆዴ ውስጥ አይቆይም። ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራው ይዘገያል፤ የተዋጠው መድኃኒትም ቶሎ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ በአፍንጫ የሚረጭ ሱማትሪፕታን አዘዘችልኝ፣ 20 ሚሊ ግራም። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ስረጨው አብዛኛው ወደ ጉሮሮዬ ይወርዳል። ምሬቱ ደግሞ አይነገርም! ማቅለሽለሹን ጭራሽ ያባብሰዋል። አንዳንዴ ቶሎ ይሻለኛል፤ አንዳንዴ ምንም እንዳልወሰድኩ ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን። ለምን?

እስካሁን ጭንቅላቴን ወደ ኋላ አዘንብዬ በኃይል ነበር የምስበው። ስህተቴ እሱ ይሆን? እናንተ እንዴት ነው የምትረጩት? አፍንጫችሁ በጉንፋን ሲዘጋስ?

ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። በአፍንጫ ጣሪያ ባለው የማሽተት ነርቭ በኩል መድኃኒት በቀጥታ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል የሚል አነበብኩ። የእኔው ግን በአፍንጫ ስስ ሽፋን አልፎ በደም ነው የሚሄደው ተባልኩ። ወደ ላይኛው የአፍንጫ ክፍል የሚያደርስ መርጫ የሞከራችሁ አላችሁ? ለውጥ አያችሁበት?

ለመድገም ቢያንስ 2 ሰዓት መጠበቅ አለብኝ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ40 ሚሊ ግራም ማለፍ አይቻልም። አንዷ ርጭት ከባከነች 2 ሰዓት ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ መሰቃየት ነው። የምታውቁትን ጻፉልኝ፣ በጣም ቸግሮኛል።